የአዝማሪው ሸክላ የማን ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር የሥነ ጽሑፍ ክበብ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ አዝማሪ እናገራለሁ ብዬ ስሜን ባስመዘገብሁ ጊዜ አንድ ጓደኛዬ «ይህን ሁሉ የተማርኸው ለአዝማሪ ጠበቃ ልትሆን ነውን?» ሲል ቀለደብኝ። ቀልዱን አልተቀየምሁም፤ እንዲያውም የነገሬ መነሻ ሆነኝ። አዝማሪን ለሠርጋችን እንጠራዋለን፤ በግንባሩ ላይ ብር እንለጥፍለታለን፤ ልጃችን አዝማሪ እሆናለሁ ቢለን ግን እንቆጣለን። ዘፈኑን ከወደድን በኋላ ስሙን ለመጠየቅ አናስብም። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው፤ ይኸውም አዝማሪው በገዛ ገንዘቡ ዘፈኑን አስቀርጾ ሲያወጣ ያ ሸክላ የማን ነው? የሚል ነው። ሸክላ ስል በልማድ ነው እንጂ ካሴቱንም፣ ዛሬ በፍላሽና በስልክ የሚዞረውንም ማለቴ ነው።

ከጎንደር ተነሥቶ ወገራን አቋርጦ፣ በዳባትና በደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን የሚወርደው መንገድ ጥንት ጎንደርን ከምጽዋ ወደብ ጋር ያገናኝ የነበረ የነጋዴ መንገድ ነው። ነጋዴ ካለ ገበያ አለ፤ ገበያ ካለ ጠላ ቤት አለ፤ ጠላ ቤት ካለም ማሲንቆ አይጠፋም። ከሰሜን ተራራ ግርጌ እህሉን ጭኖ የሚወጣ ገበሬ የሀገሩን ወሬ ከአዝማሪ አፍ ሲሰማ ኖሯል።

በክረምቱ ዕረፍት ደባርቅ ውስጥ በአንድ ጠላ ቤት አንድ ሸምገል ያሉ አዝማሪ አገኘሁ። እኔም እንደ ሌላው «ተቀበል» ብዬ ስለ ተማሪ ኪስ ባዶነት ሁለት ስንኝ ሰጠኋቸው። እሳቸውም ተቀብለው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ለወጥ ቢያደርጓት የሚታዘንልኝ መሆኔ ቀረና የሚሳቅብኝ ሆንሁ፤ ቤቱም በሣቅ ተናጋ። በኋላ ተጠግቼ «ጋሼ፣ ይህን አስቀርጸውታል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። «በሁለት ሠርግ የተሸለምሁትን ይዤ ጎንደር ወርጄ ስምንት ዘፈን አስቀረጽሁ፤ ልጄ በፍላሽ እየገለበጠ ለጠየቀን ሁሉ ይሸጣል» አሉኝ። አሳታሚም አከፋፋይም አልነበራቸውም።

ወደ ጎንደር ስመለስ በአውቶቡሱ ውስጥ ያንኑ ድምፅ ሰማሁ። ረዳቱን «የማን ዘፈን ነው?» ብለው «የአንድ አዝማሪ ነው፤ ከገበያ አስጭነን ነው» አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ በእጁ እያጨበጨበ ይቀበል ነበር። የሁለቱ ሠርግ ሽልማት ያለቀበት ሥራ በመንገዱ ሁሉ እየተዘፈነ ሳለ ባለቤቱ «አንድ አዝማሪ» ሆነው ቀሩ።

ጓደኞቼ፤ ስም ቀላል ነገር አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ የአውቶሞቢልን ሥራ እንዲማር ወደ ጀርመን ሀገር የላኩት ተሰማ እሸቴ፣ በኋላ ነጋድራስ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ በዚያው ድምፁን በሸክላ አስቀረጸ። እነዚያ ሸክሎች ከመቶ ዓመት በኋላ ኢትዮፒክስ በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ እትም እንደገና ሲወጡ በስሙ ወጡ። በዚያው ዘመን በወገራ ገበያ ማሲንቆ ይመቱ ከነበሩት ግን በስሙ የምናነሣው አንድ ስንኳ የለንም። ሸክላው ላይ ስም በመጻፉ አንዱ ሲታወስ ብዙዎቹ ተረሱ።

ሁለተኛው ምሳሌዬ አምሃ እሸቴ ነው። የሀገር ፍቅር ማኅበር ሸክላ የማሳተሙን ሥልጣን ለብቻው ይዞ በነበረበት ዘመን፣ በፈረንጆች 1969፣ ይህ ወጣት የሸክላ ነጋዴ በራሱ ኀላፊነት የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ ሀገር አሳትሞ አመጣ። እስከ 1975 ድረስም ከ100 የሚበልጡ ትንንሽ ሸክሎችና 12 ያህል ትልልቆች አወጣ። አምሃ አዝማሪ አልነበረም፤ ያሳተመውም በአብዛኛው የከተማ ባንድ ዘፈን ነበር። ነገር ግን ዘፈን የባለሥልጣን ፈቃድ ሳይጠብቅ በግለሰብ ድፍረት ሊታተም እንደሚችል ለሁላችን አሳየ። የደባርቁ ሽማግሌ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እሳቸው ሱቅ የሌላቸው መሆኑ ነው።

«ሸክላ አዝማሪን ይገድለዋል፤ የአዝማሪ ጥበብ እዚያው መቀበሉና እዚያው መመለሱ ነው» የሚሉ አሉ። ከነገሩ ግማሹን እቀበላለሁ። በሸክላ ላይ «ተቀበል» የሚል የለም፤ ያች የተለወጠች ቃል ዳግመኛ አትለወጥም። ሌላውን ግማሽ ግን እንመልከት። በጠላ ቤት አዝማሪው የሚያመሰግነው የሚሸልመውን ነው፤ ያልሸለመውን መውቀስ ቢያምረው እንኳ እራቱን ማሰብ አለበት። ለሸክላ ሲዘፍን ግን ፊት ለፊቱ ኪስ የሚዳብስ ጌታ አልተቀመጠም። ስለዚህ የወደደውን ሊያነሣ፣ ያልወደደውን ሊጥል ይችላል። ግራዚያኒ በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12 በኋላ ጠንቋዮችንና ባሕታውያንን እየዞሩ ከሚዘፍኑት ጋር እንዲገደሉ ያዘዘው የዚህ ነፃ አፍ ኀይል ስለ ገባው ነው። መንገድ ሲዘጋም ሸክላ ይጠቅማል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ በዳባት ወረዳ እስከ ጭና በደረሰ ጊዜ ሠርግም ገበያም አልነበረም፤ ሠርግና ገበያ ሲቀር የአዝማሪ እራት ይቀራል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የአእምሮ ሥራ ደራሲ ሥራውን በመፍጠሩ ብቻ ባለቤት እንደሚሆን ደንግጎ ነበር። የዛሬው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ሥራው ወጥ እንዲሆንና ግዙፍነት እንዲያገኝ፣ ማለት በጽሑፍ ወይም በድምፅ እንዲቀረጽ ይጠይቃል። እንግዲህ በአየር ላይ የቀረ ዘፈን ለደራሲው ይህን ጥበቃ አያስገኝለትም፤ የተቀረጸው ግን ያስገኝለታል፤ መዝገብ ቤት ሄዶ ማስመዝገብም አያስፈልገውም። የደባርቁ አዝማሪ ጎንደር በወረዱባት ቀን፣ ሳያውቁት፣ በሕግ ፊት ደራሲ ሆነዋል። ሆኖም በስልክ ላይ ዘፈን የሚጭነውን ነጋዴ ሁሉ እየዞሩ ለመክሰስ ጊዜም ገንዘብም የላቸውም። ሕጉ ለሳቸው እንዲሠራ የሚያደርገው ስማቸውን የሚያውቅ ሰሚ ነው።

በዚህ ረገድ እኛ ተማሪዎች ንጹሓን አይደለንም። በስልካችን የምንቀርጸው ማን አስፈቅዶ ነው? እኔ ራሴ በዚያች ማታ ሳላስፈቅድ ቀርጬ ነበር፤ ለጓደኞቼም ያሰማሁት «የደባርቅ አዝማሪ» ብዬ ነው። ረዳቱን ለመውቀስ አፌን ስከፍት ይህ ትዝ አለኝና ዝም አልሁ።

ስለዚህ ሦስት ነገር ለማኅበራችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ለዕረፍት ወደየሀገራችን ስንሄድ አዝማሪን የምንቀርጸው አስፈቅደን ይሁን። ሁለተኛ፣ ባለቤቱ ከፈቀደ ስሙን፣ ቦታውንና ቀኑን ከድምፁ ጋር እንመዝግብ፤ ቅጂውንም ለራሱ እንስጠው። ሦስተኛ፣ አዝማሪው የራሱን ሥራ የሚሸጥ ከሆነ ከጓደኛ ስልክ መገልበጡን ትተን ከእጁ እንግዛ። ለሦስቱም ኮሚቴ አያስፈልግም።

እኔም በሚመጣው ዕረፍት ደባርቅ ተመልሼ ስምንቱን ዘፈን ከልጃቸው እገዛለሁ። ስማቸውንም ዛሬ ያልነገርኋችሁ ሳላስፈቅድ መጥራቱ ሁለተኛ ጥፋት እንዳይሆንብኝ ነው። ከፈቀዱልኝ ተመልሼ እዚሁ ቆሜ እነግራችኋለሁ።