የጣት ንባብና የልቡና ስፋት

ዓይነ ብርሃን ያለው አንባቢ መላውን ቃል ባንድ አፍታ ሲመለከት፥ በሰበታው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ብሬል የሚያነበው ተማሪ ግን ስድስት ነጥቦች የሚሠሩትን ምልክት ተራ በተራ በጣቱ ጫፍ እየዳሰሰ፥ ያለፈውን በልቡናው ጠብቆ የሚመጣውን ይቀበላል። በአማርኛ ብሬልማ ብዙው ፊደል ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው በሁለት ምልክት ስለሚጻፉ፥ የሚጠበቀው ነገር ይበዛል። ዓይንም ቢሆን ወሰን አለው፤ ላክና ቮገል የተባሉ ሊቃውንት በ1997 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፥ ሰው ካየው ውስጥ ለአፍታ በአእምሮው የሚይዘው አራት ነገር ገደማ ብቻ ነው። ልምምድ ያሠለጠነው ልቡና ምልክቶቹን በየቃሉ አጠቃልሎ ስለሚይዝ ሸክሙ ይቀልለታል፤ ጀማሪውን ሕፃን ግን ከዓይናማው ጋር በእኩል ሰዓት መፈተን ፍትሕ አይመስለኝም።