ፊርማው ዋስትና ነው



እዚህ ካሊፎርኒያ ልጆቻችን 15 ዓመት ተኩል ሲሆናቸው የመለማመጃ መንጃ ፈቃድ ካላወጣን ይላሉ። ዕድሜው ከ18 በታች ለሆነ ልጅ ማመልከቻው ላይ ወላጅ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊ መፈረም አለበት። እኛም «ደስ ይበለው» ብለን ሳናነብ እንፈርማለን። ነገሩ ግን እንዲያው ለወጉ አይደለም፤ ልጁ በጥፋቱ ጉዳት ቢያደርስ ሕጉ ፈራሚውንም በገንዘብ ተጠያቂ ያደርጋል። አገር ቤት ለሰው ዋስ የምንሆነው አመሉን አጣርተን አልነበረም ወይ?

ከፈረምን በኋላም ሕጉ የሚጠይቀውን የ50 ሰዓት ልምምድ፣ 10ሩን በጨለማ፣ ሳንሸራርፍ እናስጨርሰው። አልመከር ካለ ፈራሚው ፈቃዱ እንዲሰረዝ ማመልከት ይችላል።

እድራችን ለሐዘን ቀን የቆመ ነው። ለልጅ ለቅሶ ከመቀመጥ ግን ቁልፍ መንፈግ ይሻላል እንላለን።