እሽትና የሠራተኛው ወገብ
(በሴቻ፣ አርባ ምንጭ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)

ለመሐንዲሶች ስለ እሽት መናገር ከሙያው የራቀ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ መሐንዲስ ዘወትር የሚያስበው ስለ ጭነትና ጭነቱን ስለሚሸከም አካል ነው። የሰው ወገብም ብዙ የሚጫንበትና ጥቂት የሚታሰብለት ተሸካሚ ነው። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ እሽት እውነተኛ ጥቅም ያለው አገልግሎት ነው፤ ጥቅሙ ግን ወሰን አለው። ወሰኑ ካልታወቀ ታማሚው ይጎዳል። ሕመሙን ያመጣው የሥራ አኳኋን ካልታረመ ደግሞ እጅ ያቀለለውን ሕመም መቀመጫው መልሶ ያመጣዋል።

ጉዳዩን ለመረዳት ከሴቻ መራቅ አያስፈልግም። አርባ ምንጭ ከላይ ሴቻ፣ ከታች ሲቀላ የተባሉ ሁለት ሰፈሮችን የያዘች ከተማ ናት። በሁለቱ መካከል የሚወርደውና የሚወጣው መንገድ የዕለት ኑሮ ክፍል ነው። ከሴቻ አፋፍ ላይ ቆሞ አባያንና ጫሞን፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለውን የምድር ጉብታ የሚመለከት ሰው፣ ዓይኑን ከሐይቆቹ ወደ መንገዱና ወደ ሰፈሩ ቢመልስ ሦስት ዓይነት ወገብ ያያል።

የመጀመሪያው የሸማኔው ወገብ ነው። የጋሞ ሸማኔ፣ በዶርዜና በጨንቻ ደጋ ሆነ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ፣ በጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ሰድዶ ይሠራል። በእግሩ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፣ በእጁ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሰድዳል፣ ማጉንም እየመታ ያጠብቃል። ጀርባውን የሚደግፈው ነገር የለም፤ አንገቱም ወደ ድሩ ያዘነበለ ነው። ሁለተኛው ከጫካ የማገዶ እንጨት አዝላ ዳገቱን የምትወጣው ሴት ወገብ ነው። ሦስተኛው ቀኑን ሙሉ በቢሮ ወንበር ላይ ጎብጦ የሚውለው ጸሐፊ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ነዳፊና መሐንዲስ ወገብ ነው።

የእነዚህን ሰዎች ድካም በመሐንዲስ ሚዛን መመዘን ይቻላል። የጀርባ ጡንቻዎች ከአከርካሪው የመዞሪያ ማዕከል 5 ሣንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቀው ይጎትታሉ። አንድ ሰው 10 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ከዚሁ ማዕከል 40 ሣንቲ ሜትር አርቆ ወደ ፊት ቢይዝ፣ ሚዛኑን ለመጠበቅ ጡንቻዎቹ ከ80 ኪሎ ክብደት ጋር የሚስተካከል ኃይል ማውጣት ይኖርባቸዋል። አከርካሪው የሁለቱን ድምር፣ ማለትም 90 ኪሎ ያህል ይሸከማል። በዚህ ላይ የራስ፣ የእጆችና የደረት ክብደት አልተጨመረም። ስለዚህ ሸማኔው የሚይዛት መወርወሪያ ቀላል ብትሆንም፣ ወደ ፊት ያዘነበለው የራሱ አካል ለወገቡ ከባድ ሸክም ነው። የጭነቱ መጠን ብቻ ሳይሆን የጊዜው ርዝመትም ይቆጠራል፤ ሳያርፍ የተኮማተረ ጡንቻ ይደክማል፣ ይደነድናል፣ ያማል።

ያመመው ሰው ወደ ማን ይሄዳል? በአገራችን ከዘመናዊ ሕክምና በፊት የነበረውና ዛሬም ያለው ወጌሻ ነው። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል፣ የወለቀ ይመልሳል፣ የዞረ ጅማት ያሻል። እናቶችና አያቶችም ሕፃንን በቅቤ ያሻሉ። ፍል ውኃም ከእሽት ጋር አብሮ የኖረ ነው፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱን ወደ ሜዳው የሳበው ፍልውሃ መሆኑ የታወቀ ነው። በዚያው ቦታ ኋላ የተደራጀው የፍልውሃ ድርጅት ከመታጠቢያው ጋር የእንፋሎትና የማሳጅ አገልግሎት በመስጠት ታውቋል።

በአውሮፓም እሽት ከልማድ ወደ ትምህርት የተሸጋገረው ቀስ በቀስ ነው። ስዊድናዊው ፔር ሄንሪክ ሊንግ በ1813 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም የአካል ማሠልጠኛ ተቋም መሠረተ። «የስዊድን ማሳጅ» የሚለው ስም ከእርሱ ጋር ቢያያዝም፣ የእጅ ሥራውን በመዳበስ፣ በመጭመቅ፣ በመፈተግና በመጠፍጠፍ ከፍሎ ሥርዓት ያስያዘው የሆላንዱ ሐኪም ዮሃን ሜዝገር (1838–1909) እንደሆነ ይነገራል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የእጅ ጥበብ ተጽፎ፣ ተፈትኖና ተከፋፍሎ ሲቀመጥ ለተተኪ የሚተላለፍ ሙያ ይሆናል።

እሽት በአካል ላይ ምን ይሠራል? በመጀመሪያ የቆዳና የጡንቻ ነርቮችን ይቀሰቅሳል። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሐሳብ መሠረት፣ በአከርካሪ ውስጥ የሕመም መልእክት የሚያልፍበት እንደ በር ያለ ሥርዓት አለ፤ የመዳሰስና የግፊት መልእክት ሲበዛ በሩ ለሕመሙ ይጠብባል። ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ ቢሻሻልም፣ ሰው ሁሉ የተጋጨ ክርኑን ወዲያው ለምን እንደሚያሽ በሚገባ ያስረዳል። በሁለተኛ ደረጃ እሽት ሰውነትን ያረጋጋል፤ ጭንቀትን ይቀንሳል፣ ዕረፍትን ያግዛል። በሦስተኛ ደረጃ ከከባድ የአካል ሥራ በኋላ በማግሥቱ የሚሰማውን የጡንቻ ሕመም በመጠኑ ያቀልላል።

የማይሠራውም መነገር አለበት። እሽት ከጡንቻ ውስጥ «መርዝ» አጥቦ ያወጣል የሚባለው ማስረጃ የለውም። በብርቱ ሥራ ጊዜ የሚፈጠረው የላክቲክ አሲድ ሰው ቢታሽም ባይታሽም በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ይጠፋል። እሽት ስብ አያቀልጥም፣ የተሰበረ አጥንትም አይገጥምም።

ስለ ወገብ ሕመም የተደረጉት ጥናቶች የሚሰጡት ፍርድ መካከለኛ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በኮክሬን ማኅበር የታተመው የ25 ጥናቶች ግምገማ እሽት ለአጭር ጊዜ የወገብ ሕመምን እንደሚቀንስ፣ ጥቅሙ ግን ለረጅም ጊዜ መጽናቱ እንዳልታየ፣ ማስረጃውም ጠንካራ እንዳልሆነ ያመለክታል። የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ አዲስ ለተነሣ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት አስቀድሞ እንደ ሙቀትና እሽት ያሉት እንዲሞከሩ መክሯል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም እንደነበረባቸው ይገልጻል። ድርጅቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ እሽትን ያስገባው ከትምህርትና ከአካል እንቅስቃሴ ጋር አጣምሮ ነው። እንግዲህ እሽት ሕመምተኛው ተነሥቶ እንዲንቀሳቀስ መንገድ የሚከፍት ረዳት ነው እንጂ ብቻውን ፈዋሽ አይደለም።

ረዳቱ ያለቦታው ሲገባ ግን ጉዳት ያደርሳል። የአገራችን ሰው በተለይ ሊያውቀው የሚገባ አንድ በሽታ አለ፤ እርሱም የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ነው። ሳንባ ነቀርሳ ሳንባን ብቻ የሚይዝ የሚመስለው ብዙ ነው። ነገር ግን አከርካሪን ይዞ አጥንቱን እየበላ ጀርባን ሊያጎብጥና እግርን ሊያሽመደምድ ይችላል። የሚጀምረውም እንደ ተራ የወገብ ሕመም ነው። ስለዚህ የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ማታ ማታ የሚያተኩሰው፣ የሚያልበውና ክብደቱ የሚቀንስ ከሆነ በሐኪም ሳይመረመር በእሽት የሚያልፈው እያንዳንዱ ሳምንት የሚታከምን በሽታ ወደ አካል ጉዳት የሚወስድ ነው። እግር መስነፍ፣ በጭን መካከል መደንዘዝ፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ሲታይም በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። ስብራት፣ አዲስ እብጠት፣ ትኩሳት፣ የቆዳ ቁስል ወይም በእግር ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም የተጠረጠረበት ሰው መታሸት የለበትም። የነፍሰ ጡር ሆድም ባልሠለጠነ እጅ ሊጨመቅ አይገባም።

ከዚህ ተነሥቶ ወጌሻን ማውገዝ ቀላል ነው፤ መፍትሔ ግን አይሆንም። ወጌሻ ሐኪም በሌለበት አለ፣ ዋጋው ይቻላል፣ በሽተኛውን በቋንቋው ያነጋግረዋል። ትልቁ አደጋ የተሰበረ እጅ ወይም እግር ከመጠን በላይ ጠብቆ ሲታሰር ደም ተከልክሎ አካሉ መሞቱና መቆረጡ ነው። በጉራጌ አገር በአጣጥ ሆስፒታል ለወጌሾች አጭር ትምህርት ከተሰጠ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚበሰብስ አካልና የሚቆረጥ እግር ቁጥር እንደቀነሰ በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመ የሕክምና ጥናት ተገልጿል። አንድ አጭር ትምህርት ይህን ያህል ካደረገ፣ ወጌሻውን ከጤና ጣቢያው ጋር ማገናኘት ከማንኛውም ውግዘት የበለጠ ያተርፋል። በአገራችንም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት በዲግሪ ደረጃ የሚሰጥ በመሆኑ፣ የእጅን ጥበብ ከሰውነት ዕውቀት ጋር አጣምሮ የያዘ ባለሙያ ማፍራት ይቻላል።

ደህና የእሽት አገልግሎት በምን ይታወቃል? ከሁሉ አስቀድሞ በጥያቄ ይታወቃል። ባለሙያው እጁን ከማሳረፉ በፊት ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ትኩሳት መኖሩን፣ ስብራት መኖሩን፣ የሚወሰደውን መድኃኒት ይጠይቃል። መልሱ አጠራጣሪ ከሆነ ወደ ሐኪም ይልካል። ሕመምተኛው «በቃ» ሲል ያቆማል፤ ብዙ ያሳመመ እሽት ብዙ ይፈውሳል የሚለው እምነት ስሕተት ነው። ገላው የማይታሸውን ክፍል ይሸፍናል፣ ክብሩንም ይጠብቃል።

የቀረው የመሐንዲስ ሥራ ነው። ክፍሉ ሙቀቱ የተመጣጠነ፣ አየር የሚዘዋወርበት፣ ከውጭ የማይታይ መሆን አለበት። የእጅ መታጠቢያው በዚያው ክፍል ውስጥ ይሁን፤ ወለሉ ዘይት ቢፈስስበት የማያንሸራትትና በቀላሉ የሚታጠብ ይሁን። የአልጋው ከፍታ የሚለካው ለሚተኛው ሰው ብቻ አይደለም። ባለሙያው ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ሲያወርድ ጣቶቹን በጨበጠበት አንጓ ልክ ቢሆን በአካሉ ክብደት ይሠራል። አልጋው ዝቅ ካለ ግን ጎንበስ ብሎ ሲያሽ ይውላል፣ የሌላውን ወገብ እያከመ የራሱን ያጣል። ከፍ ዝቅ የሚል አልጋ በአካባቢው ብረት ሠሪ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው።

ነገር ግን የማኅበሩ አባላት ዋና ድርሻ ከማሳጅ ቤቱ በር ውጭ ነው። ሸማኔው ታሽቶ ወደ ጉድጓዱ ቢመለስ ያው አቀማመጥ፣ ያው ሸክም ይጠብቀዋል። ጀርባን የሚደግፍ መቀመጫ፣ ከመሬት ከፍ ያለና ለእግር ርዝመት የሚስተካከል የሽመና ዕቃ መንደፍ ከድልድይ ንድፍ የማያንስ ክብር ያለው ሥራ ነው። ንድፉ ሸማኔውን ሳያማክር ከተሠራ ግን ጥጥ ይደርቅበታል እንጂ ማንም አይሠራበትም፤ ምቱን፣ የድሩን ውጥረትና የጨርቁን ጥራት የሚያውቀው እርሱ ነው። እንጨት ለምታዝለው ሴት ደግሞ የጋሪ መንገድ፣ እርሱም ባይቻል በየመንገዱ ሸክም ሳይወርድ የሚደገፍበት የድንጋይ መደብ ሊሠራላት ይቻላል። መደቡ በጀርባዋ ከፍታ ልክ ከሆነ ሸክሙን ከመሬት የማንሣቱን ድካም ያስቀርላታል።

ለቢሮ ሠራተኛው የሚታዘዘው ዋጋ እንኳ የለውም። ጠረጴዛው በክርን ልክ ይሁን፣ እግር መሬት ይርገጥ፣ የሚነበበው ነገር ወደ ዓይን ከፍ ይበል፤ በየግማሽ ሰዓቱም ተነሥቶ ጥቂት መራመድ ይለመድ።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፣ ድልድይ ሲሰነጠቅ ስንጥቁን በሲሚንቶ ለስኖ የሚሄድ መሐንዲስ አይመሰገንም፤ የሚመሰገነው ጭነቱንና መሠረቱን የመረመረ ነው። ለሰው ወገብም ሚዛኑ ይኸው ይሁን። እሽት በሠለጠነ እጅ፣ በተጠየቀና በተመረመረ ሰው ላይ ይሰጥ። እያንዳንዱ አባልም በሚቀጥለው ንድፉ ላይ የመጨረሻውን መስመር ከማስመሩ በፊት፣ በዚያ ሥራ ላይ የሚቀመጠው፣ የሚቆመው ወይም የሚሸከመው ሰው ወገብ ስንት ኪሎ እንደሚያርፍበት አስልቶ ይጻፍ።