ሣጥኑ ይቅደም፤ ስለ ፒክአፕ መኪና ወፍራም ድምፅና ስለ ጠባብ ጋቢና ስሌት



ከበሮ የሚሠራ ሰው ቆዳውን ከመወጠሩ አስቀድሞ ግንዱን ይፈለፍላል። ትልቅ ከበሮ ወፍራም ድምፅ የሚሰጠው ቆዳው ሰፊ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ቆዳው ያቀፈው አየርና አየሩን የያዘው አካልም የድምፁ ተካፋዮች ናቸው። ይህን እውነት ከበሮ ሠሪው ሳይጽፈው ያውቀዋል። በመኪናው ውስጥ የሙዚቃ መሣሪያ የሚያስገጥም ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ይዘነጋዋል። ወደ ሱቅ ሲገባ የሚጠይቀው ስለ ድምፅ ማጉያው ስፋትና በካርቶኑ ላይ ስለ ታተመው የዋት ቁጥር ነው። ሣጥኑ የሚታሰበው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል በማናቸውም መኪና ላይ ቢሆን ስሕተት ነው፤ በፒክአፕ ላይ ግን ኪሳራው ይከፋል። የቤት መኪና ከኋላው የዕቃ ማስቀመጫ አለው፤ ሰፊ ሣጥንም ይችላል። የፒክአፕ የጭነት ቦታ ግን ለዝናብ፣ ለአቧራና ለሌባ የተጋለጠ ስለ ሆነ፣ ለሰብዉፈር የሚቀረው ስፍራ በጋቢናው ውስጥ ከመቀመጫው ኋላ ወይም ሥር ያለው ጠባብ ክፍተት ብቻ ነው። በሲንግል ጋቢና መኪና ላይ ደግሞ ይህን ክፍተት ክሪክና የጎማ መፍቻ ይጋሩታል። ስለዚህ በፒክአፕ ላይ ምርጫው መጀመር ያለበት ከድምፅ ማጉያው ሳይሆን ከባዶው ስፍራ ነው።

ሣጥን ለምን እንደሚያስፈልግ ማስታወስ ይገባል። በ1925 እ.ኤ.አ. የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ ዛሬም የሚሠራበትን ባለ ሽቦ ጥቅል ድምፅ ማጉያ ባሳወቁበት ጊዜ፣ ችግሩ አብሮ ታውቋል። የድምፅ ማጉያው ኮን ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው አየር ይጨመቃል፤ ከኋላው ያለው ይሳሳል። ሁለቱ በዳር በኩል ሲገናኙ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። በ40 ኸርትዝ ድግግሞሽ የአንድ ሞገድ ርዝመት 8.6 ሜትር ያህል ነው፤ ይህን የሚያህል ሞገድ በ25 ሴንቲ ሜትር ኮን ዙሪያ ያለ ምንም መሰናክል ይዞራል። ሣጥኑ የሚሠራው የኋላው ድምፅ የፊቱን እንዳያጠፋው ለመለየት ነው።

ነገር ግን ሣጥኑ ለይቶ ብቻ አይተውም። በውስጡ የታሰረው አየር እንደ ሞላ ሆኖ ኮኑን መልሶ ይገፋል። ኤድጋር ቪልቸር በ1954 እ.ኤ.አ. ይህን የአየር ሞላ እንደ ችግር ሳይሆን እንደ ረዳት ቆጥሮ፣ የላላ ድምፅ ማጉያ በትንሽ ዝግ ሣጥን ውስጥ በማግባት ወፍራም ድምፅ ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። ከዚያም አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል በ1961 እ.ኤ.አ.፣ ሪቻርድ ስሞልም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ባወጧቸው ጽሑፎች የድምፅ ማጉያና የሣጥን ጋብቻ በግምት ሳይሆን በቁጥር የሚሠራበትን መንገድ ደነገጉ። ዛሬ ከታማኝ ድምፅ ማጉያ ጋር የሚመጣው የመለኪያ ወረቀት የእነዚህ ሰዎች ሥራ ውጤት ነው።

በባለሙያዎች ዘንድ የሆፍማን ሕግ እየተባለ የሚጠራው ድንጋጌም ከዚሁ ይመነጫል። ትንሽ ሣጥን፣ ጥልቅ ድምፅ፣ በትንሽ ኃይል ብዙ ጩኸት፤ ከእነዚህ ከሦስቱ ሁለቱን መምረጥ ይቻላል፤ ሦስቱን አንድ ላይ ማግኘት ግን አይቻልም። የፒክአፕ ባለቤት የመጀመሪያውን ምርጫ መኪናው መርጦለታል። የቀረው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው። ሦስቱንም እሰጥሃለሁ የሚል ሻጭ ቢኖር የሚሸጠው ዕቃ ሳይሆን ተስፋ ነው።

ነገሩን በምሳሌ መመልከት ይሻላል። ከመቀመጫ ኋላ ያለው ክፍተት ሲለካ ወርዱ 90፣ ቁመቱ 35፣ ጥልቀቱ ከላይ 8 ከታች 16 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል። አማካይ ጥልቀቱ 12 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን፣ በውጭ ሲሰላ ወደ 38 ሊትር ገደማ ይሆናል። ባለቤቱም 38 ሊትር አለኝ ብሎ ይደሰታል። ሣጥኑ ግን ከ18 ሚሊ ሜትር እንጨት ሲሠራ ከእያንዳንዱ አቅጣጫ 3.6 ሴንቲ ሜትር ይቀነሳል፤ የውስጡ ይዞታም ወደ 23 ሊትር ይወርዳል። የድምፅ ማጉያው ማግኔትና የውስጥ ማጠናከሪያው እንጨት ድርሻቸውን ሲወስዱ የሚቀረው 20 ሊትር ያህል ነው። ከታሰበው ስፍራ ግማሽ የሚጠጋው ድምፅ ሳይሰማ አለቀ ማለት ነው።

ጥልቀቱም የራሱ ፍርድ አለው። በሣጥኑ መካከል ያለው የውስጥ ጥልቀት ከ8.4 ሴንቲ ሜትር ስለማይበልጥ፣ ከገጠመበት ፊት ወደ ኋላ ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚዘልቅ ድምፅ ማጉያ አይመችም፤ ከማግኔቱ ኋላም አየር የሚተነፍስበት ጥቂት ክፍተት ሊተው ይገባል። በፊት በኩል ደግሞ ኮኑ ሲወጣ የመቀመጫውን ጀርባ እንዳይነካ የሁለት ወይም የሦስት ሴንቲ ሜትር ርቀት ያስፈልጋል። እንግዲህ ለዚህ መኪና ተገቢ የሚሆነው ለጠባብ ስፍራ ተብሎ የተሠራ፣ ጥልቀቱ ያነሰ አንድ ባለ 10 ኢንች ድምፅ ማጉያ ነው። ባለቤቱ የተመኛቸው ሁለት ባለ 12 ኢንች ድምፅ ማጉያዎች በግድ ቢገቡ እንኳ አየር አጥተው ይታፈናሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሣጥኑ ዝግ ይሁን ወይስ ባለ ቱቦ የሚል ነው። ባለ ቱቦ ሣጥን በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር በማርገብገብ በተወሰነ ድግግሞሽ ላይ ብዙ ድምፅ በጥቂት ኃይል ይሰጣል፤ ዋጋው ግን ስፍራ ነው። ይህንኑ 20 ሊትር በ10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቱቦ ወደ 35 ኸርትዝ ለማስተካከል የቱቦው ርዝመት ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ቱቦው ብቻውን 7 ሊትር ገደማ ይበላል። ቱቦው ቢጠብ ያጥራል፤ ነገር ግን አየሩ በጠባቡ ቀዳዳ ሲጣደፍ ያፏጫል። ከተስተካከለበት ድግግሞሽ በታች ደግሞ ኮኑን የሚይዘው የአየር ሞላ ስለማይኖር ከልኩ በላይ እየተወረወረ ሊጎዳ ይችላል። ባለ ቱቦ ሣጥን ሰፊ ስፍራ ባለው ደብል ጋቢና ውስጥ ሊታሰብ ይችላል፤ ለሲንግል ጋቢና ግን አይመከርም።

ዝግ ሣጥን በአንጻሩ ጋቢናው ራሱ የሚያግዘው ወዳጅ አለው። የድምፁ ግማሽ ሞገድ ከጋቢናው ርዝመት ሲበልጥ፣ ጋቢናው እንደ አንድ የታመቀ የአየር ክፍል ሆኖ ድግግሞሹ ዝቅ ባለ ቁጥር ድምፁን ያበረታል። ርዝመቱ 1.5 ሜትር በሆነ ጋቢና ይህ የሚጀምረው 115 ኸርትዝ አካባቢ ነው። ፍጹም ጠንካራና የታፈነ ክፍል ቢሆን ዕድገቱ ድግግሞሹ በግማሽ በወረደ ቁጥር 12 ዴሲቤል በሆነ ነበር፤ በበርና በመስኮት ጎማዎች በሚያመልጠው አየርና በቀጭኑ ቆርቆሮ ምክንያት ከዚህ ያንሳል። ዝግ ሣጥንም ከራሱ ድግግሞሽ በታች የሚዳከመው በዚሁ በ12 ዴሲቤል መጠን ስለ ሆነ፣ አንዱ የሚያጎድለውን ሌላው ይሞላል። በኢትዮጵያ ከተሞች ፒክአፕ ላይ ሞንታርቦ ጭኖ ማስታወቂያ የሚያሰማ ሰው በሜዳ ላይ ያገኘውን ልምድ ወደ ጋቢና ይዞ ሲገባ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሜዳ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጋቢና ግን ልክን ብቻ።

አሁን ወደ ቁጥሩ መመለስ ይቻላል። የመለኪያ ወረቀቱ የድምፅ ማጉያው የራሱ ድግግሞሽ 30 ኸርትዝ፣ ኪው የሚባለው ቁጥር 0.45፣ የልስላሴው መጠን ደግሞ ከ30 ሊትር አየር ጋር እኩል ነው ይላል እንበል። 30 ለ20 ሲካፈል 1.5 ነው፤ አንድ ሲጨመርበት 2.5፤ ስኩዌር ሩቱ 1.58 ነው። በዚህ ሲባዛ ድግግሞሹ 47 ኸርትዝ፣ ኪው 0.71 ይሆናል። ይህም ሳያጎብጥና ሳያደበዝዝ የሚሰማ፣ ባለሙያዎች የሚመርጡት ልክ ነው።

ይህ ስሌት ግን የባሕር ጠረፍ ስሌት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የአየር ሞላ ጥንካሬ ከግፊቱ ጋር ስለሚሄድ፣ በሣጥኑ ውስጥ የታሰረው አየር እዚህ ይላላል፤ 30 ሊትር የነበረው ቁጥር ወደ 22.5 ይወርዳል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የተሠራ የ15 ሊትር ሣጥን በጠረፍ የተሠራ የ20 ሊትር ሣጥን የሚሰጠውን 47 ኸርትዝና 0.71 በትክክል ይሰጣል። ለፒክአፕ ባለቤት አምስት ሊትር ትንሽ ስጦታ አይደለም። መኪናው ይህን የ15 ሊትር ሣጥን ይዞ እስከ ጂቡቲ ቢወርድ ግን ድግግሞሹ ወደ 52 ኸርትዝ፣ ኪው ወደ 0.78 ይወጣል፤ ድምፁም ጥቂት ይጎብጣል። አብዛኛውን ጊዜ ቆላ የሚሠራ መኪና ከሆነ የ20 ሊትሩን መያዝ ይሻላል። የቱቦ ሣጥን ማስተካከያ ግን የሚከተለው የድምፅን ፍጥነት እንጂ ግፊትን ስላልሆነ፣ በከፍታ ብቻ አይለወጥም።

ደጋው የሚሰጠውን ያህል ይወስዳል። በሳሳ አየር ውስጥ ኮኑ ያንኑ ያህል ቢንቀሳቀስ የሚወጣው ድምፅ በ2.5 ዴሲቤል ገደማ ያንሳል። ይህን በኃይል ብቻ ለማካካስ ወደ 1.8 እጥፍ ዋት ያስፈልጋል፤ የሳሳ አየር ደግሞ የጋለውን የሽቦ ጥቅል በደንብ አያቀዘቅዝም። በመሆኑም በደጋ አገር ድምፅ ማጉያን እስከ መጨረሻ ልኩ መግፋት ዕድሜውን ያሳጥራል።

ኃይሉም ከየትም አይመጣም። 300 ዋት የሚያወጣ አምፕሊፋየር ብቃቱ 80 በመቶ ከሆነ በ13.5 ቮልት ወደ 28 አምፔር፣ ብቃቱ 50 በመቶ ከሆነ ወደ 44 አምፔር ከዲናሞው ይወስዳል። ገመዱ በዚህ ልክ የወፈረ፣ ፊውዙም ከባትሪው ግማሽ ሜትር ባልራቀ ቦታ የተገጠመ መሆን አለበት፤ ፊውዙ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን ብቻ ሳይሆን በቆርቆሮ ሊላጥና እሳት ሊያስነሣ የሚችለውን ረጅም ገመድ ነው። ሣጥኑም በማጣበቂያና በብሎን ተጠናክሮ፣ አየር እንዳያስወጣ ታሽጎ፣ ከመኪናው አካል ጋር መታሰር ይገባዋል። ያልታሰረ ሣጥን በግጭት ጊዜ ወደ ፊት የሚወረወር ድንጋይ ነው። ለብሎኑ ቀዳዳ ከመብሳት በፊትም ከወለሉ ሥር የነዳጅና የፍሬን መስመር አለመኖሩ በዓይን ይታይ።

በመጨረሻም የሚነሣው የጆሮ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም ለስምንት ሰዓት የሚመክረው ወሰን 85 ዴሲቤል ነው፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀነሳል። በዚህ መሠረት ለ100 ዴሲቤል የሚተርፈው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ለፒክአፕ ነጂ ጋቢናው የሥራ ቦታው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይውልበታል። ሰብዉፈሩ ከኋላው በክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ ሲጮኽ የሌላውን መኪና ጡሩምባና የሞተሩን የሕመም ድምፅ ይሸፍንበታል።

የባለሙያው ግዴታ ከዚህ ይለያል ማለት አይቻልም። ደንበኛው ሁለት ትላልቅ ድምፅ ማጉያዎች ሲጠይቅ እሺ ብሎ መሸጥ ቀላል ነው፤ ሜትር አውጥቶ ከመቀመጫው ኋላ ለክቶ፣ ሦስት ቁጥሮችን አስልቶ፣ «ለዚህ መኪና አንዱ ይበቃል» ብሎ ማስረዳት ግን ሙያ ነው። የመጀመሪያው ለአንድ ቀን ትርፍ ያስገኛል። ሁለተኛው ደንበኛውን ከከንቱ ወጪ፣ ጆሮውንም ከጉዳት ያድናል። ከበሮ ሠሪው ግንዱን ሳያይ ቆዳ አይቆርጥም፤ የድምፅ ባለሙያም ስፍራውን ሳይለካ ድምፅ ማጉያ አይምረጥ።