የአስተዳደር ወጪ መቶኛና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ሥራ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባዔ ላይ የቀረበ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ይዞታ በአገራችን» የሚል ነበር። ርዕሱ እንደ አገራችን ሰፊ በመሆኑ፥ በተመደበልኝ ሰዓት ከዳር እስከ ዳር ልዳስሰው ብሞክር ሁሉንም ነካክቼ አንዱንም ሳልጨብጥ መውረዴ የማይቀር ነው። ስለዚህ እኛ የሒሳብ ሰዎች በየዓመቱ እጃችንን የምናስገባበትን አንድ ጉዳይ ብቻ መርጫለሁ፤ ይኸውም የአስተዳደር ወጪ የሚባለው ነው። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲያዩት ደረቅ ይመስላል። ነገር ግን አንዲት የመስክ ነርስ በሚመጣው ዓመት በሥራዋ ላይ መቆየት አለመቆየቷ፥ ደመወዟ በየትኛው የሒሳብ መደብ ሥር እንደ ተጻፈ ታይቶ የሚወሰንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ሁላችንም ከምናውቀው ከዕድር ልነሣ። ዕድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት የሚቀመጡበት ዕቃ ቤት አለው፤ ለዕቃ ቤቱ ጠባቂ ይከፈላል፤ ለለፋፊውም ይከፈላል። አሁን ከመካከላችን አንዱ የዕድሩን መዝገብ መርምር ቢባል፥ ለለፋፊው የሚሰጠውን ገንዘብ በየትኛው መደብ ያገባዋል? ደመወዝ ነውና አስተዳደር ነው የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ ለፋፊው በሌሊት ተነሥቶ ጡሩምባውን ካልነፋ ለቀስተኛው አይሰበሰብም፤ ድንኳኑም የሚተክለው አያገኝም። የዕድሩ ዓላማ የሚሄደው በእርሱ እግር ነው። የዕድር አባላት ለፋፊው ከመዋጮው ስንት በመቶ ወሰደ ብለው ሲከራከሩ ሰምቼ አላውቅም። የሚጠይቁት በሰዓቱ ለፈፈ ወይስ አልለፈፈም ብለው ነው።

ከሰፈር ዕድር ወጥተን በአገር ደረጃ ወደ ተመዘገቡት ድርጅቶች ስንመጣ ግን ነገሩ በዚህ መልክ አይታይም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማኅበራት ሰፊ ድንጋጌ ነበረው፤ የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኀብ፥ ኋላም የ1977ቱ ድርቅ፥ የዕርዳታ ድርጅቶችን ቁጥርና የገንዘባቸውን መጠን ከፍ አደረጉት። ስለ ወጪ አመዳደብ ግን ጠንካራ ወሰን የተበጀው በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ነው። ይህ አዋጅ በብዙው የሚታወሰው ከውጭ አገር ከ10 በመቶ በላይ ገቢ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብትና በመሳሰሉት ሥራዎች እንዳይሠማሩ በመከልከሉ ነው። ስለዚያ ክልከላ ብዙ ተብሏል፤ እኔ ዛሬ አልመለስበትም። እኛን በይበልጥ የሚመለከተን፥ አንድ ድርጅት በበጀት ዓመቱ ከሚያወጣው ወጪ ከ70 በመቶ የማያንሰውን ለዓላማው ማስፈጸሚያ፥ ከ30 በመቶ የማይበልጠውን ለአስተዳደር እንዲያውል ያዘዘው አንቀጽ ነው።

ሠላሳ በመቶ በራሱ ጠባብ ቁጥር አይደለም። ጠባብ ያደረገው በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወጪ አመዳደብ መመሪያ ነው። በዚያ መመሪያ መሠረት ለክትትልና ለግምገማ፣ ለሥልጠና፣ ለመጓጓዣና ለውሎ አበል የሚወጣው ገንዘብ በአብዛኛው ከአስተዳደር ወጪ ይቈጠር ነበር። ውጤቱም እንግዳ ሆነ። አንድ ድርጅት ትምህርት ቤት ሲሠራ ሲሚንቶውና ቆርቆሮው የዓላማ ወጪ ይሆናል፤ ሲሚንቶው በትክክል መቦካቱን ለማየት የሚሄደው ሰው ጉዞ ግን አስተዳደር ይሆናል። ሥራው በቁሳቁስ ሳይሆን በሰው የሆነ ድርጅት፥ ለምሳሌ ስለ ኤች.አይ.ቪ. የሚያስተምር ወይም ገበሬውን በየማሳው እየዞረ የሚያማክር ድርጅት፥ ሥራውን ባጠናከረ ቍጥር ወሰኑን ለመጣስ እየቀረበ ይሄዳል። መመሪያው ሳይናገር የተናገረው ነገር ቢኖር ዕቃ የሚያድል ይመሰገናል፥ ሰው የሚያሠማራ ይጠረጠራል የሚል ነበር።

እርግጥ ነው፥ ወሰኑ ያለ ምክንያት አልመጣም። በድኻ ስም የተሰበሰበ ገንዘብ ለቢሮ ምንጣፍና ለመኪና ዋለ የሚለው የሕዝብ ሐሜት ከአዋጁ በፊት የነበረ ነው፤ ሐሜቱም ሁሉ ሐሰት አልነበረም። ለጋሽም ሆነ መንግሥት አንድ መለኪያ መፈለጉ አግባብ ነው። በበኩሌ የምቃወመው መለኪያ መኖሩን ሳይሆን፥ አንድ ቁጥር ብቻውን መለኪያ መሆኑን ነው።

አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ሲወጣ በዚህ ረገድ ትልቅ ማሻሻያ መጣ። የአስተዳደር ወጪ ማለት ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘ፥ ነገር ግን ለድርጅቱ ሕልውና አስፈላጊ የሆነ ወጪ እንደሆነ ተተረጐመ፤ የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የባንክ አገልግሎት፣ መብራትና ውሃ፣ ኢንሹራንስና የጠበቃ አበል በዚህ ውስጥ ተዘረዘሩ። የመስክ ነርሷ ከዚህ ዝርዝር ወጣች። በአንጻሩ ወሰኑ ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገኖች ጥቅም በተቋቋሙ ድርጅቶች ላይ ወደ 20 በመቶ ወረደ። ትርጕሙ ስለጠበበ ወሰኑ መውረዱ ብዙ አላስከፋም። ብዙዎቻችን ግን በጊዜው ልብ ያላልነው ሌላ ለውጥ ነበር፤ መቶኛው ቀድሞ የሚሰላው ከወጪ ሲሆን፥ በአዲሱ አዋጅ ከጠቅላላ ገቢ እንዲሰላ ተደረገ።

ይህ ለሒሳብ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ወጪ በድርጅቱ እጅ ያለ ነገር ነው፤ ገቢ ግን በለጋሹ እጅ ነው። ለምሳሌ ያህል 10 ሚሊዮን ብር ገቢ ያለው አንድ ድርጅት ለአስተዳደር 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ቢያወጣ 18 በመቶ ነው፤ ሕጉን አክብሯል። በሚመጣው ዓመት ገቢው ወደ 6 ሚሊዮን ቢወርድ፥ ኪራዩና የዘበኛው ደመወዝ እንዳለ ነውና መቶኛው 30 ይሆናል። ደኅና አድርጎ ቀንሶ ወጪውን 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ቢያደርሰው እንኳ 25 በመቶ ነው። ማንም ገንዘብ አላባከነም፤ እንዲያውም ቆጥበዋል። ነገሩ ምሳሌ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ፥ በሰኔ መጨረሻም የዩ.ኤስ.ኤይድ ሥራ ሲያከትም፥ በዚያ ገንዘብ ላይ የቆሙ ድርጅቶች ገቢ በድንገት ወረደ። ሠራተኛ የሚያሰናብት ድርጅት የስንብት ክፍያ አለበት፤ የኪራይ ውል አለበት፤ የተዘጋውን ፕሮጀክት ማስመርመር አለበት። የመዝጊያ ዓመት ሁልጊዜ የአስተዳደር ዓመት ነው።

ተቃራኒውም እንዲሁ ያሳስታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዓመት 100 ሺህ ዶላር የሚቀበል ድርጅት በፊት 5 ሚሊዮን 700 ሺህ ብር ይመዘግብ ነበር፤ አንዱን ዶላር በ100 ብር ብንወስደው 10 ሚሊዮን ብር ይመዘግባል። የአስተዳደር ወጪው በሁለቱም ዓመት 1 ሚሊዮን 140 ሺህ ብር ቢሆን፥ ከ20 በመቶ ወደ 11.4 በመቶ ወረደ ማለት ነው። አንዲት ነገር ሳያሻሽል ምስጉን ሆነ። የሦስት ዓመት ገንዘብ በአንድ ጊዜ ተቀብሎ በገቢ የሚመዘግብም እንዲሁ በመጀመሪያው ዓመት ጻድቅ፥ በቀሩት ሁለት ዓመታት ኃጥእ ሆኖ ይታያል።

የአገሩ ስፋትም መዘንጋት የለበትም። መርካቶ ውስጥ የጎዳና ልጆችን የሚረዳ ድርጅት ተረጂዎቹን በእግር ሄዶ ያገኛቸዋል። በደቡብ ኦሞ ወይም በሶማሌ ክልል ለአርብቶ አደሮች የሚሠራው ግን ሁለት ጽሕፈት ቤት፣ ሁለት ገንዘብ ያዥና ሁለት ዘበኛ ሳይኖረው ሥራውን ሊያካሂድ አይችልም። ለሁለቱም ወሰኑ አንድ ነው። ሩቅ የሚሄድ ድርጅት በመቶኛ ሲመዘን ሁልጊዜ ይጎዳል፤ ሩቅ ያለው ሕዝብ ደግሞ ዕርዳታው በይበልጥ የሚያስፈልገው ነው።

ይህን የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም። በአሜሪካ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን መረጃ የሚሰበስቡና የሚመዝኑ ሦስት ተቋማት፥ ጋይድስታር፣ ቻሪቲ ናቪጌተርና ቢ.ቢ.ቢ. ዋይዝ ጊቪንግ አሊያንስ፥ በሰኔ 2005 ዓ.ም. ለለጋሾች በጋራ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው፥ የአስተዳደር ወጪ መቶኛ ብቻውን የአንድን ድርጅት ብቃት እንደማያሳይ አስታውቀዋል። መቶኛውን ለዓመታት ሲያሰራጩ ከነበሩት መካከል የመጣ ቃል ስለሆነ ክብደት አለው። የዚያው አገር ፌዴራል መንግሥትም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ተቀባይ ድርጅቶች ያለ ድርድር ሊጠይቁት የሚችሉትን የጋራ ወጪ ድርሻ ከ10 ወደ 15 በመቶ ከፍ አድርጓል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ልመለስ። ወሰኑ ሲጠብቅ መዝገቡን የሚያሰፋው ማን ነው? አሽከርካሪው በደመወዝ መዝገብ ላይ «የማኅበረሰብ አመቻች» ሆኖ ሲገኝ፥ የዋናው መሥሪያ ቤት ኪራይ በሦስት ፕሮጀክቶች ላይ ያለ ምንም መነሻ ሲከፋፈል፥ ስሙን የጻፈው የፕሮግራም ሰው ሊሆን ይችላል፤ ያጸደቀው ግን የእኛ ሰው ነው። አንዳንዶች ይህን ብልኃት ይሉታል፤ ድርጅቱን ለማትረፍ የተደረገ ነው ብለው ይከላከሉለታል። እኔ ይህን አልቀበልም። መዝገቡ ከተዛባ በኋላ ሕጉ ጠባብ ነው ብለን ለመንግሥት አቤት የምንልበት ማስረጃ አይኖረንም፤ ሁሉም ድርጅት በወረቀት ላይ 19 በመቶ ሆኖ ከቀረበ ምን ተቸግራችሁ ነው የሚለውን ጥያቄ የምንመልሰው በምንድን ነው?

ስለዚህ ለጉባዔው ሦስት ነገሮች በጥያቄ መልክ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፥ በጋራ ወጪዎች አከፋፈል ላይ የሥራ ሰዓት መዝገብን መነሻ ያደረገ አንድ የጋራ ሠንጠረዥ ማኅበራችን ቢያዘጋጅ፤ ትንንሾቹ ድርጅቶች ባለሙያ ለመቅጠር አቅም የላቸውምና ሠንጠረዡ በአማርኛና በየክልሉ የሥራ ቋንቋ ቢሆን መልካም ነው። ሁለተኛው፥ አባል ኦዲተሮች በሪፖርታቸው ማብራሪያ ላይ የዓመቱን መቶኛ ብቻ ሳይሆን የሦስት ዓመቱን አማካይና የምንዛሪ ለውጥ ያመጣውን ልዩነት ለይተው ቢያሳዩ። ይህን ለማድረግ የሚከለክል ነገር አላየሁም፤ የሚጠይቀው አንድ ተጨማሪ ገጽ ነው። ሦስተኛው፥ ከየክልሉ ያላችሁ አባላት የመስክ ጉዞ ወጪያችሁን ከተረጂው ርቀት ጋር አያይዛችሁ እንድትልኩልን ነው፤ ስለ ስፋት የተናገርኩት ሁሉ በቁጥር ካልተደገፈ ከሚመለከተው ባለሥልጣን ፊት የሚቆም አይሆንም። የመረጃ መሰብሰቢያው ቅጽ ከአዳራሹ በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከምሳ በፊት እንድትወስዱት እለምናለሁ።