ስለ መኪና ፍሬንና መኪናን ከመንሸራተት ስለሚጠብቁ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች

የፊዚክስ ክበብ ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ቀን ያደረጉት ንግግር



 እኛ የ12ኛ ክፍል የፊዚክስ ክበብ ተማሪዎች ለንግግራችን አርእስት ስንመርጥ አንዳንዶቻችን ስለ ጠፈር፣ አንዳንዶቻችን ስለ አቶም መናገር ፈልገን ነበር። ነገር ግን ባለፈው ክረምት በአንድ ጓደኛችን አባት ላይ የደረሰው ነገር ሐሳባችንን ወደ ምድር መለሰው። እሳቸውም ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጠዋል፤ ታሪኩንም እንድንናገር ፈቅደውልናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኒህ አባት ከሃያ ዓመት በላይ መኪና የነዱ ሰው ሲሆኑ፣ ከቀድሞው የተሻለ መኪና ከገዙ ገና ሁለት ወር አልሞላቸውም ነበር። አንድ ቀን ማታ ዝናብ እየዘነበ ሲሄዱ ከፊታቸው የነበረው አውቶቡስ ድንገት ቆመ። ፍሬኑን በኀይል ረገጡ። ወዲያው መርገጫው ከእግራቸው ሥር ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የማንኳኳት ድምፅም ተሰማ። «ፍሬኑ ተሰበረ» ብለው ደንግጠው እግራቸውን አነሡ። መኪናውም ሄዶ ከአውቶቡሱ ኋላ ጋር ተላተመ። በእግዚአብሔር ቸርነት የተጎዳ ሰው አልነበረም፤ የመኪናው ፊት ግን ተጨማደደ። በኋላ መካኒኩ መርምሮ «ፍሬኑ ምንም አልሆነም፤ የታዘዘውን ሥራ ይሠራ ነበር» ሲላቸው እጅግ ተገረሙ። እኛም ተገረምን። ደኅና የሚሠራ መሣሪያ ባለቤቱን የሚያስደነግጥ ከሆነ ስለ መሣሪያው ማወቅ ይገባናል ብለን ስንጠይቅና ስናነብ ከረምን።

በመጀመሪያ «መኪናን የሚያቆመው ምንድን ነው?» ብለን እርስ በርሳችን ተጠያየቅን። ሁላችንም «ፍሬን ነዋ!» አልን። መልሱ ግን ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ፍሬን የሚይዘው ቸርኬውን ነው፤ መኪናውን የሚይዘው በጎማውና በመንገዱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። እያንዳንዱ ጎማ መሬቱን የሚነካበት ስፍራ ደግሞ ከአንድ ሰው መዳፍ ብዙ አይበልጥም። እንግዲህ አባትና እናት ልጆቻቸውን ይዘው ሲጓዙ የሁሉም ሕይወት የተያዘው በአራት መዳፍ ስፍራ ላይ ነው ማለት ነው።

ይህን ሰበቃ ለመመርመር ከአንድ የእንጨት ሣጥን ሥር የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ቸንክረን፣ በስፕሪንግ ሚዛን በሲሚንቶ ወለል ላይ ሳብነው። ሣጥኑ ገና ሳይነቃነቅ ሚዛኑ ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ሣጥኑ መንሸራተት በጀመረ ጊዜ ግን ሚዛኑ ዝቅ ይላል። ውሃ ባፈሰስንበት ጊዜም ሁለቱም ቍጥር አነሰ። ከዚህ እንደምንረዳው መሬቱን ይዞ የሚንከባለል ጎማ ተቆልፎ ከሚንሸራተት ጎማ ይልቅ ይይዛል። መሐንዲሶች እንደ ደረሱበት ደግሞ ጎማ ከሁሉ ይልቅ የሚይዘው ዙሩ ከመኪናው ፍጥነት ከመቶ 10 እስከ 20 እጅ ያህል ሲያንስ ነው።

ነገር ግን ጎማ ሲቆለፍ የሚመጣው ትልቁ ጉዳት መሪ መጥፋቱ ነው። የሚንሸራተት ጎማ ፊቱ ወደ ቀኝ ቢዞር ወደ ግራ ቢዞር ለእርሱ አንድ ነው፤ መኪናው ቀድሞ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ብቻ ይንሸራተታል። የፊት ጎማዎች ከተቆለፉ ሾፌሩ መሪውን እስከ መጨረሻው ቢጠመዝዝ እንኳ መኪናው በቀጥታ ይሄዳል፤ የኋላዎቹ ከተቆለፉ ደግሞ መኪናው ይሽከረከራል። ስለዚህ የቀድሞ ሾፌሮች በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ፍሬንን ረገጥ ለቀቅ፣ ረገጥ ለቀቅ ማድረግን ይማሩ ነበር። ምክራቸው መልካም ነበር። ይሁን እንጂ የሰው እግር የሚያዝዘው አራቱንም ጎማ በአንድ ላይ ነው፤ አንዱ ጎማ በጭቃ ላይ፣ ሌላው በደረቅ አስፋልት ላይ ቢሆን ለይቶ ማወቅ አይችልም።

እዚህ ላይ ኤ.ቢ.ኤስ. የሚባለው መሣሪያ ይመጣል። ታሪኩን በአጭሩ እንናገራለን፤ ዓመቶቹም በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ የመኪና ጎማ እንዳይቆለፍ ለሚከለክል መሣሪያ የባለቤትነት መብት ያገኘው በ1936 ነው። ሐሳቡ በመጀመሪያ ብዙ የጠቀመው ግን አውሮፕላኖችን ነበር፤ በ1950ዎቹ ማክሳሬት የሚባለው የዳንሎፕ ኩባንያ መሣሪያ በብዙ አውሮፕላኖች ላይ ተገጠመ። በ1966 የወጣው ጄንሰን ኤፍ.ኤፍ. የተባለው የእንግሊዝ መኪናም ይህንኑ መሣሪያ ይዞ ነበር። ዛሬ የምናውቀው በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራውና አራቱንም ጎማ የሚጠብቀው ኤ.ቢ.ኤስ. በመርሴዲስ ቤንዝ መኪና ላይ ለገበያ የቀረበው በ1978 ነው። ከመጀመሪያው ሐሳብ እስከዚህ ድረስ ከ40 ዓመት በላይ ማለፉ፣ አንድ ነገር ማሰብና መሥራት ምን ያህል እንደሚራራቁ አሳይቶናል።

መሣሪያው የሚሠራው እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ ቸርኬ አጠገብ ጥርስ ያለው ቀለበት አለ፤ ከቀለበቱም ፊት ማግኔት ያለበት ትንሽ መለኪያ ይቀመጣል። ጥርሶቹ በመለኪያው ፊት ባለፉ ቍጥር የማግኔቱ ኀይል ስለሚለዋወጥ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ምት ይፈጠራል። ኮምፒዩተሩም ምቱን እየቈጠረ እያንዳንዱ ጎማ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚዞር ያውቃል። ሦስቱ ጎማዎች እየዞሩ ሳለ አንዱ ድንገት ለመቆም ቢቃረብ፣ ከባዱ መኪና በዚያች ቅጽበት ሊቆም ስለማይችል፣ ያ ጎማ ሊቆለፍ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ የፍሬን ዘይት የሚያልፍባቸውን ትንንሽ በሮች ያዝዛል። በመጀመሪያ ግፊቱ እንዳይጨምር አንዱን በር ይዘጋል፤ ይህ ካልበቃ ሌላውን ከፍቶ ግፊቱን ያቀልላል፤ ጎማው እንደ ገና መዞር ሲጀምር ግፊቱን ይመልሳል። ይህም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ እስከ ዐሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ይደጋገማል፤ ለእያንዳንዱም ጎማ እንደ ፍላጎቱ ይሰጠዋል። የወጣውን ዘይት አንድ ትንሽ ፓምፕ ወደ ነበረበት ሲመልሰው የሾፌሩ እግር መንቀጥቀጡን ይሰማዋል።

የጓደኛችንን አባት ያስደነገጣቸው እንግዲህ ይህ ነበር። በእንደዚህ ያለ መኪና ላይ ረገጥ ለቀቅ ማድረግ አያስፈልግም፤ ሥራውን መሣሪያው ይሠራዋልና። ሾፌሩ አጥብቆ ረግጦ እግሩን ሳያነሣ መሪውን ወደ ባዶው ስፍራ ማዞር ነው ያለበት። መኪናው ሲነሣ «ኤ.ቢ.ኤስ.» የሚል ቢጫ መብራት በርቶ ይጠፋል፤ ሳይጠፋ ከቀረ ተራው ፍሬን ይሠራል፣ መሣሪያው ግን አይሠራም ማለት ነውና ማስመርመር ያስፈልጋል።

አንዳንድ ሰው ግን ኤ.ቢ.ኤስ. ሁልጊዜ መኪናን በአጭር ርቀት የሚያቆም ይመስለዋል። እኛም መስሎን ነበር። በእርጥብ አስፋልት ላይ ብዙ ጊዜ ያሳጥራል፤ በልቅ ጠጠር ላይ ግን ያስረዝማል። ምክንያቱም የተቆለፈ ጎማ ጠጠሩን ከፊቱ እየከመረ እንደ መሰናክል ይደገፍበታል፤ የሚዞር ጎማ ግን በላዩ ያልፋል። አገራችን ብዙ ፒስታ መንገድ ያላት ስለ ሆነች ይህ ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አግኝተናል። በ1980ዎቹ በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ከአንድ ድርጅት ታክሲዎች ለግማሾቹ ኤ.ቢ.ኤስ. ተገጥሞላቸው፣ ግማሾቹ ሳይገጠምላቸው ቀርተው የአደጋቸው ቍጥር ተመዘገበ። ልዩነቱ ከምንም የማይቈጠር ሆኖ ተገኘ። መሣሪያው ያላቸው ሾፌሮች እርሱን ተማምነው ኩርባውን በኀይል ይዞሩ፣ ከፊታቸው ወዳለውም መኪና ይጠጉ ነበር። መሣሪያው የሰጣቸውን በጥድፊያ መልሰው ሰጡት!

ሁለተኛው መሣሪያ ኢ.ኤስ.ሲ. ወይም ኢ.ኤስ.ፒ. ይባላል፤ ሥራውም መኪና ከመንገዱ እንዳይወጣ መጠበቅ ነው። በ1989 ፍራንክ ቬርነር-ሞን የተባለ የመርሴዲስ መሐንዲስ በስዊድን አገር በበረዶ ላይ ሲፈትን መኪናው ተንሸራቶ ከጉድጓድ ገባ። እርሱም የሚጎትተው መኪና እስኪመጣ ድረስ ሲጠብቅ፣ ኤ.ቢ.ኤስ. የመኪናውን መሽከርከር የሚያውቅበት መንገድ ቢኖር ምን ይሆናል ብሎ ያስብ ጀመር ይባላል። በቦሽም በኩል አንቶን ቫን ዛንተን ይህን ሥራ መራ፤ ስለ ድካሙም በ2016 የአውሮጳ ፈጠራ ሽልማት ተሰጠው። መሣሪያው በ1995 በትልቁ መርሴዲስ ላይ ወጣ። ይሁን እንጂ ስሙ በዓለም የተሰማው በ1997 ነው። በዚያ ዓመት የስዊድን ጋዜጠኞች ኤ-ክላስ የተባለውን አዲስና ትንሽ መርሴዲስ፣ ድንገት መንገድ ላይ ከሚገባ አውሬ እንደሚሸሽ ሰው አዙረው ሲፈትኑት ተገለበጠ። ኩባንያው ሽያጩን ለጊዜው አቁሞ፣ በዚያ ዓይነት መኪና ሁሉ ላይ ኢ.ኤስ.ፒ.ን ገጠመ። ለሀብታም ብቻ የነበረው መሣሪያ በዚህ ምክንያት ወደ ትንንሽ መኪናዎች ወረደ።

አሠራሩን ለመረዳት በጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፈውን ሰው እናስብ። ታንኳው እየሄደ ሳለ መቅዘፊያውን በቀኝ በኩል ውሃ ውስጥ ቢይዝ ታንኳው ወደ ቀኝ ይዞራል። ኢ.ኤስ.ሲ.ም እንዲሁ አንዱን ጎማ ብቻ በፍሬን በመያዝ መኪናውን ያዞራል። አንድ መለኪያ መሪው ምን ያህል እንደ ዞረ ይነግረዋል፤ ይህም የሾፌሩ ፈቃድ ነው። ሌሎች መለኪያዎች መኪናው በእውነት ምን ያህል እየዞረና ወደ ጎን እየተገፋ እንደ ሆነ ይነግሩታል። ፈቃዱና እውነቱ ሲለያዩ መሣሪያው ይነሣል። ለምሳሌ በግራ ኩርባ ላይ የመኪናው ኋላ ወደ ውጭ ቢሸሽ የቀኙን የፊት ጎማ ይይዛል፤ መኪናው ወደ ቀኝ ተመልሶ ይቀናል። ፊቱ ወደ ውጭ ቢሸሽ ደግሞ የግራውን የኋላ ጎማ ይይዛል። ከዚህም ጋር የሞተሩን ጕልበት ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ሾፌሩ ገና ሳይደነግጥ ይፈጸማል፤ እርሱ የሚያየው ከፊቱ የምትብለጨለጭ ትንሽ መብራት ብቻ ነው። በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች፣ መኪና ብቻውን ከመንገድ ወጥቶ ሰው የሚሞትበትን አደጋ ይህ መሣሪያ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ስላሳዩ፣ ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በዚያ አገር በሚሸጥ ትንሽ መኪና ሁሉ ላይ በሕግ ታዝዟል። በአውሮጳ ኅብረትም ከ2014 ጀምሮ ለአዲስ መኪና ሁሉ ግዴታ ሆኗል።

ታዲያ መሣሪያዎቹ የማይችሉት ነገር አለ። ያለውን ሰበቃ ያከፋፍላሉ እንጂ አዲስ ሰበቃ አይፈጥሩም። ጎማው አልቆ ከተላጨ የሚያከፋፍሉት ነገር ጥቂት ነው። በሒሳብ እንዳገኘነው፣ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬኑ ከያዘ በኋላ በ12 ሜትር ያህል፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ በ20 ሜትር ያህል ይቆማል። በ100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ግን እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ፣ ማለት 49 እና 79 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ሾፌሩ ነገሩን አይቶ እግሩን እስኪያነሣ በሚያልፈው አንድ ሴኮንድም መኪናው ሌላ 28 ሜትር ሄዷል።

አንደኛው ስሌት በተለይ አስደንግጦናል። ሁለት መኪናዎች ጎን ለጎን ሲሄዱ፣ አንዱ በ50 ሌላው በ70 ኪሎ ሜትር፣ በአንድ ቦታ እኩል ፍሬን ይያዙ። የመጀመሪያው ሕፃኑን ሳይነካ በሚቆምበት ስፍራ ሁለተኛው ገና በ49 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያልፋል። መምህራችን ስሌቱን በጥቍር ሰሌዳ ላይ ሦስት ጊዜ እንድንደግመው አደረጉን፤ መልሱ ግን አልተለወጠም።

ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ የሚወርድ የጭነት መኪናም ሌላ ምሳሌ ይሆነናል። በዚያ ረጅም ቍልቍለት ፍሬን ብቻ እየተረገጠ ቢወረድ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ ዘይቱም ሊፈላ ይችላል። ከዚያ በኋላ መርገጫው ባዶ ሲሆን ኮምፒዩተሩ የሚያዝዘው ግፊት አያገኝም። እዚያ የሚረዳው ሾፌሮቻችን ከጥንት የሚያውቁት፣ በከባድ ማርሽ መውረድ ነው።

የጓደኛችንን አባት ነገር ሳንጨርስ አንቆምም። ይህን ሁሉ ካጠናን በኋላ ሄደን ስናስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙንና «በዐይኔ ካላየሁ አላምንም» አሉ። በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ እንዳባራ፣ ከአንድ የመንጃ አስተማሪ ጋር ሰው ወደሌለበት ሰፊ ሜዳ ሄዱ። እኛ ከሩቅ ቆመን አየን። ባዶ ካርቶን ከፊታቸው አስቀምጠው በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መጡና አጥብቀው ረገጡ። በመጀመሪያው ጊዜ እግራቸውን አነሡ፤ ካርቶኑም ተጨፈለቀ። በሁለተኛውም አነሡ። በሦስተኛው መኪናው ሲንቀጠቀጥ መሪውን ወደ ግራ ሲያዞሩ አየናቸው፤ መኪናውም ካርቶኑን በክንድ ያህል አልፎ ቆመ። ከመኪናው ወርደው ካርቶኑን አነሡና «ይህ ይቀመጥልኝ» ብለው ከኋላ ወንበር ላይ አኖሩት።