በድልድይ ላይ ስለሚቆም ኬላ
(በተማሪዎች ማኅበር የክርክር ምሽት የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ጥያቄዬ አጭር ነው። የግል ኩባንያ በወንዝ ላይ ድልድይ ሠርቶ ከአላፊ አግዳሚው ገንዘብ ቢቀበል፥ ሕዝቡ «በቃ፤ ድካምህን አግኝተሃል» ሊለው የሚችለው መቼ ነው? ውል መከበር እንዳለበት የሕግ ተማሪ ሆኜ አልክድም። ነገር ግን መጨረሻ የሌለው ውል ውል ነውን?

ሁለት ፍርዶችን ላንሣ፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ፥ በቦስተን አጠገብ፥ በቻርልስ ወንዝ ላይ ሰውን በጀልባ የማሻገር መብት የሐርቫርድ ኮሌጅ ነበረ። በ1785 የማሳቹሴትስ ምክር ቤት አንድ ኩባንያ ድልድይ ሠርቶ ለ40 ዓመት እንዲያስከፍል፥ ለኮሌጁም በየዓመቱ 200 ፓውንድ እንዲሰጥ ፈቀደ። ጊዜው ኋላ ወደ 70 ዓመት ተራዘመ። ዳሩ ግን ምክር ቤቱ በ1828፥ ወጪው ከተመለሰ በኋላ በነጻ የሚያሻግር ሌላ ድልድይ በአቅራቢያው እንዲሠራ ፈቀደ። የፊተኛው ኩባንያ «ውሌ ፈረሰ» ብሎ ከሰሰ። በ1837 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሮጀር ቴኒ ከብዙኃኑ ዳኞች ጋራ፥ በግልጽ ያልተጻፈ ብቸኛ መብት በግምት አይገኝም ብለው ፈረዱ። ዳኛው ጆሴፍ ስቶሪ ግን፥ መንግሥት ቃሉን ካላከበረ ገንዘቡን ለሕዝብ ሥራ የሚያወጣ ሰው አይገኝም ሲሉ ተቃወሙ። ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም።

ሁለተኛው በሕንድ ነው። ደልሂንና ኖይዳን የሚያገናኘው፥ ያሙናን ወንዝ የሚሻገረው መንገድ በ2001 ተከፈተ። በ1997 በተፈረመው ውል መሠረት ኩባንያው ወጪውን፥ ከዚያም በላይ በዓመት ከመቶ 20 ትርፍ እንዲያገኝ ተወሰነለት፤ የጎደለው ትርፍ በወጪው ላይ ይደመራል። እስቲ አስሉት! የ100 ሩፒ ጉድለት በ4 ዓመት ከ207 ሩፒ በላይ ይሆናል። ሕዝቡ እየከፈለ ዕዳው ያድጋል ማለት ነው። ለአንድ ጊዜ ማለፊያ የሚከፈለው ጥቂት ስለሆነ ማንም አያስተውለውም፤ እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነው።

የነዋሪዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን በ2012 ከሰሰ። የአላሃባድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኦክቶበር 2016 ክፍያውን አስቆመ። ኩባንያው ይግባኝ ቢልም፥ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 20 ቀን 2024 ፍርዱን አጸና፤ ውሉ ያለ ግልጽ ጨረታ የተሰጠ መሆኑን፥ የኖይዳ ባለሥልጣንም የማስከፈልን ሥልጣን ለኩባንያው ሲያስተላልፍ ከሥልጣኑ ማለፉን ገለጠ።

ደስ የሚል ፍርድ ነው፤ ነገር ግን ዘግይቷል። ኬላው ሲቆም መኪና ይነዳ ያልነበረ ሕፃን፥ ኬላው እስኪነሣ አድጎ ከፋይ ለመሆን ደርሷል። እንግዲህ ዳኛ የሚያርመው የተበላሸውን ነው፤ እንዳይበላሽ መጠበቅ ግን ውሉን የሚያረቅ ሰው ፈንታ ነው።

በአገራችንም በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1076 ለመንግሥትና ለግል ኩባንያዎች አጋርነት መንገድ ከፍቷል። እንዲህ ያለውን ውል የሚያረቀው ሕግ ዐዋቂ፥ ሒሳቡንም የሚያሰላው መሐንዲስ ምናልባት ዛሬ ማታ በዚህ አዳራሽ ተቀምጧል። ወዳጄ ሆይ፥ ከመፈረምህ በፊት ኬላው የሚነሣበት ቀን የተጻፈበትን ገጽ ፈልግ። ካጣኸው ብዕርህን አስቀምጥ።